ከጓሮዬ እስከ በቆሎ ማሳዬ 80 እርምጃ ነው፤ አፈሩ ለምን ተለያየ?

የቀርሳው ገበሬ (ጥር 9)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዞን፣ ሰርቦ አካባቢ ነው የምኖረው። ከአባቴ የወረስኩት አንድ ሄክታር የበቆሎ ማሳ አለኝ። ቤቱ ዙሪያ ደግሞ ጓሮ አለ፤ እንሰት፣ ጥቂት ቡና፣ ጎመን፣ ጎደሬ።

ባለፈው ሳምንት አጥር ላድስ ብዬ ጉድጓድ ስቆፍር አንድ ነገር ከነከነኝ። ጓሮው ላይ ዶማው ሰተት ብሎ ገባ። አፈሩ ጠቆር ያለ ነው፤ በእጅ ሲይዙት ይፈረፈራል፣ ትሉ ይርመሰመሳል። ታች ማሳው ጋ ስደርስ አንድ ስንዝር ሳልወርድ ዶማው ይነጥር ጀመር። ቀይ፣ ደረቅ፣ እንደ ጡብ። ትል ብፈልግ አንድም አጣሁ። እርምጃዬን ቆጠርኩ፤ 80 ነው። አባቴ መሬቱን ሲያቀና ሁሉም አንድ ጫካ ነበር። የሚዘንብበት ዝናብም አንድ ነው።

ማዳበሪያ አቋርጬ አላውቅም። ኤንፒኤስም (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ዩሪያም በየዓመቱ እጨምራለሁ። ከ10 ዓመት በፊት ከዚህ ማሳ 40 ኩንታል አገኝ ነበር። አምና 22 ነው ያስገባሁት። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ጎረቤቶቼ «መሬቱ አርጅቷል፤ ባህር ዛፍ ትከልበትና ተገላገል» ይሉኛል። እውነት መሬት ያረጃል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጎማ ቡና (ጥር 9)

ወንድሜ፣ ባህር ዛፉን ተው። አንዴ ከገባ ጉቶው እያቆጠቆጠ ልጅህም አያወጣውም። አጠገቡ ያለው ማሳም ውሃ ይጠማዋል። ሌላውን የሚያውቁት ይንገሩህ፤ እኔ ስለ ቡናዬ ማታ እመለሳለሁ።

አፈር አስተማሪ (ጥር 10)

ጥያቄህ ደስ ብሎኛል፤ ቆፍረህ አይተህ ነውና የመጣኸው። እዚሁ ጅማ ግብርና አስተምራለሁ። ሳላየው መፍረድ አልችልም፤ ግን የነገርከን ምልክት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይጠቁማል። አፈርህ ኮምጥጧል፤ አሲዳማ ሆኗል።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ይህ ውሃ ወደ ታች ሲሰርግ ካልሲየሙን፣ ማግኒዥየሙንና ፖታሲየሙን አጥቦ ይዞ ይወርዳል። በቦታቸው አሉሚኒየምና ሃይድሮጅን ይቀራሉ። አገራችን ውስጥ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማው ይህ ችግር አለበት ይባላል። ዝናብ የሚበዛበት የእኛ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ዋነኛው ነው።

የቅጠሉ ሐምራዊነት የፎስፈረስ ረሀብ ነው። ኤንፒኤስ እየጨመርኩ እንዴት ይራባል ትለኝ ይሆናል። ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ አለ። ግን በቀይ አፈራችን ውስጥ ያሉት ብረትና አሉሚኒየም ጨምድደው ይይዙታል፤ ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። ዘንድሮ አንድ በቆሎ ንቀልና ሥሩን እይ። አሉሚኒየም የጎዳው ሥር አጭርና ወፍራም ነው፤ ጸጉር የመሰሉት ቀጫጭኖቹ የሉም። እንዲህ ያለ ሥር ማዳበሪያም ውሃም በደንብ አይጠጣም። ዩሪያ ደግሞ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም አሲዱን ራሱ ይጨምራል።

ዶማህ የነጠረበት ምክንያት ሌላ ነው። ማረሻ በየዓመቱ እዚያው ጥልቀት ላይ ይመላለሳል። ከብት እርጥብ ማሳ ላይ ይረግጣል። ከታች ጠንካራ ንጣፍ ይፈጠራል፤ ሥር እዚያ ሲደርስ ይታጠፋል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ባለፉት ዓመታት ወደ ጓሮህ የገባው ምንድን ነው? ከማሳህስ የወጣው?

የቀርሳው ገበሬ (ጥር 10)

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ፍሬውን ወደ ቤት እናስገባለን። ከአገዳው ግማሹን እናቴ ለማገዶ ትወስደዋለች። ግማሹ ለከብት ይከመራል። ማሳው ላይ የቀረውን ደግሞ የሰፈሩ ከብት ገብቶ ይጨርሰዋል። ከብቶቼ የሚያድሩት ቤቱ አጠገብ ነው። እበቱ በየማለዳው እንሰቱ ሥር ይደፋል። አመድም፣ የቤት ጥራጊም፣ የቡና አተላም እዚያው ነው። እናቴ ይህን ስታደርግ ነው ያደግኩት።

ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ። ቤተሰባችን ዕድሜውን ሙሉ 80ውን እርምጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሸከም ኖሯል። ወደ ማሳው የሚመለሰው የማዳበሪያ ከረጢት ብቻ ነበር።

አፈር አስተማሪ (ጥር 10)

ከዚህ የተሻለ መልስ ከእኔም አታገኝም። እናትህን አመስግንልኝ። አመዱ ራሱ እንደ ኖራ ነው የሚሠራው፤ ካልሲየምና ፖታሲየም አለበት፣ አሲዱን ያለዝባል። እበቱና ጥራጊው ደግሞ አፈሩን አጥቁሮታል። ትሉም እዚያ ያለው የሚበላው ስላገኘ ነው።

የናዳው (ጥር 11)

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ወሬው ጥሩ ነው። ግን እበቱንና ጥራጊውን አብስብሰን ኮምፖስት እናድርገው ብንል፣ ለአንድ ሄክታር ስንት ነው የሚበቃው? ባለሙያዎች ቢያንስ 50 ኩንታል ይሉናል። እኔ ያሉኝ ሁለት በሬና አንዲት ላም ናቸው። አዝመራ ሳላነሳ ሰባት ቤተሰብ የሚጠብቀኝ ሰው ነኝ። ማዳበሪያ ጎጂ ነው ብላችሁ ገበሬውን እንዳታስርቡት። ኦሞ ናዳ ውስጥ ማዳበሪያ ዘግይቶ የመጣ ዓመት ምን እንደሆንን እኔ አውቃለሁ።

እቴ የሰቃዋ (ጥር 11)

የናዳው ወንድሜ እውነቱን ነው። እኔም ልጨምር። አገዳ አታንድዱ፣ ኩበት አታንድዱ ማለት ቀላል ነው። ወጡ በምን ይሠራ? ሰቃ ጨቆርሳ ያሉት እህቶቼ ማገዶ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። እኛ ቤት የረዳን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው፤ ጭሱም ቀንሶልናል። ሁለተኛው በማሳው ድንበር ሰስባንያና ግራቪሊያ የሚባሉ ዛፎች መትከላችን ነው። ሰስባንያው በሁለት ዓመት ለማገዶ ደረሰ፤ ቅጠሉን ደግሞ ፍየሎቹ ይበሉታል። ከዚያ ወዲህ አገዳውን ማሳ ላይ መተው ቻልን። ማገዶው ሳይገኝ ስለ አፈር ማውራት ሴቶቹን መርሳት ነው።

አፈር አስተማሪ (ጥር 11)

እቴ፣ ልክ ነሽ። ይህን ነጥብ ክፍል ውስጥም ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።

የናዳው ወንድሜ፣ ማዳበሪያ ተዉ ያለ የለም፤ እኔም አልልም። ኮምፖስት ብቻውን ሄክታሩን አይሸፍንም ያልከውም ትክክል ነው። የምለው ይህን ነው። አፈሩ ሳይስተካከል የምትጨምረው ማዳበሪያ ገንዘብህን ይዞ ይቀበራል። አፈሩ ሲስተካከል ያው ከረጢት ብዙ ይሠራል። ኮምፖስቱን ማሳው ላይ ከመበተን ደግሞ ዘሩ በሚገባበት ጉድጓድ አንድ አንድ ጭብጥ መጨመር ይቻላል። በዓመት አንድ ሩብ ሄክታር ብቻ ያዝ። በአራት ዓመት ሁሉም ይዳረሳል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ (ጥር 12)

ስለ ኖራ ጥቂት ልበል፤ በየቀኑ የምንጠየቀው ነውና። መጀመሪያ አፈሩን አስመርምር። ከማሳው 15 ያህል ቦታ ላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍረህ ትንሽ ትንሽ አፈር ውሰድ። ንጹህ ባልዲ ውስጥ ደባልቀው። ከድብልቁ አንድ ኪሎ ያህል በቂ ነው። ከዛፍ ሥር፣ ከመንገድ ዳር፣ አመድ ወይም እበት ከነበረበት ቦታ አትውሰድ፤ ውጤቱን ያዛባዋል።

ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ በቆሎ፣ ስንዴና ባቄላ ይጎዳሉ። የኖራው መጠን እንደ አፈሩ ይለያያል። በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል የሚታዘዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲቆጠር ከ40 እስከ 80 ከረጢት ነው። ዋጋው ሳይሆን ማጓጓዣው ነው ሰውን የሚያስጨንቀው። አቅም ከሌለ ያነሰ መጠን በዘር መስመሩ ላይ ብቻ እየጨመሩ በየዓመቱ መድገም ይቻላል።

ኖራ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መበተንና ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ላዩ ላይ ተበትኖ ከተተወ ብዙ አይሠራም። ከዩሪያ ጋር ደግሞ በአንድ ቀን አትጨምሩት፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል። ስትበትኑ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኖራ ጠቀመኝ ብላችሁ ቡና ሥር ዝም ብላችሁ እንዳትደፉ። ቡና ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ይስማማዋል።

ጎማ ቡና (ጥር 12)

አሁን የእኔን ላውራ። በቆሎ አላርስም፤ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ያለ የቡና መሬት ነው። ግን ታሪኩ ያው የአፈር ታሪክ ነው።

ከዓመታት በፊት ታላቅ ወንድሜ «ጥላው በዛ፤ ቡናው ፀሐይ ይፈልጋል» ብሎ ዛፉን ቆረጠው። ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው ሁሉ ሄደ። ሁለት ዓመት ቡናው ጎንበስ እስኪል አፈራ። እኛም ተደሰትን። በሦስተኛው ዓመት የቅርንጫፎቹ ጫፍ መድረቅ ጀመረ። አፈሩ በበጋ ተሰነጣጠቀ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ቀይ ሆኖ ወደ ወንዝ ወረደ። ዛፉ በየዓመቱ የሚያራግፈው ቅጠል የቡናው ምግብም ልብስም ነበር። ሰሳና ብርብራ ደግሞ ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ለአፈር የሚሰጡ ዛፎች ናቸው። ይህን ያወቅነው ከቆረጥናቸው በኋላ ነው።

ሌላው ስህተታችን ቁፈራ ነበር። አረም ለማጥፋት በዶማ በየዓመቱ እንገለብጠው ነበር። ቡና የሚመገብባቸው ሥሮች አብዛኞቹ ላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው። እኛ በገዛ እጃችን እየቆረጥናቸው ነበር። አሁን አረሙን በማጭድ እንጨፈጭፈዋለን፤ እዚያው ቡናው ሥር እንተወዋለን። ብርብራና ሰሳ መልሰን ተክለናል፤ ስድስት ዓመት ሆናቸው።

የእሸት ቡና ልጣጭ ነገር ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ገደማው ልጣጭ ነው። ፖታሲየሙ የበዛ ነው። ከመፈልፈያው ወጥቶ ወንዝ ዳር ይከመራል፤ ውሃውን ያበላሻል፣ ሰፈሩን ያሸታል። እኛ አንድ ዓመት በአህያ አመላልሰን ከእበትና ከደረቅ ቅጠል ጋር ከመርነው። በየሦስት ሳምንቱ እያገላበጥን ነበር፤ በአራተኛው ወር ጥቁር አፈር ሆነ። ያን የጨመርንበት ቡና ቅጠሉ ከሩቅ ይለያል።

የጊቤ ሾፌር (ጥር 13)

ገበሬ አይደለሁም፤ በዚህ መንገድ እየተመላለስኩ እቃ እጭናለሁ። ሐምሌ ላይ የግልገል ጊቤን ወንዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃ አይመስልም፤ ቀይ ጭቃ ነው። ያ የእናንተ የቀርሳ፣ የዴዶ፣ የናዳ አፈር ነው። ወደ ግድቡ ነው የሚገባው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ እየተሞላ ያለው በገበሬው ማሳ ነው። ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

የዴዶው አዛውንት (ጥር 14)

ልጆቼ፣ ሰላም ዋሉ። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ዴዶ ዳገት ነው፤ እርሻችን ሁሉ ገደል ላይ ነው ብትሉ ይሻላል።

እኛ በወጣትነታችን በረት አንድ ቦታ አናቆምም ነበር። የከብቱን ማደሪያ በየሳምንቱ ማሳው ላይ እያዞርን እናሳድራለን። ዘንድሮ እዚህ፣ ከርሞ እዚያ። ሽንቱም እበቱም እዚያው ማሳው ላይ ይቀራል፤ መሸከም የለም። ያ ቦታ ሁለት ሦስት ዓመት ያበላናል። አሁን ሌባው በዛ፣ መሬቱም ጠበበ፤ ከብቱ ቤት ውስጥ ገባ። እበቱም አብሮ ቤት ቀረ።

ሁለተኛው አስተራረስ ነው። ስናርስ አግድም፣ ከዚያ መስቀልኛ እንመታለን። መስቀልኛው ቁልቁል ሲወርድ ለጎርፍ መንገድ ከፍተን ሰጠነው ማለት ነው። የመጨረሻውን እርሻ ዳገቱን አግድም አድርጉ። እርከኑ ላይ ደሾ ወይም ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ትከሉ። ቬቲቨርን መልኮ ያለው የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው በእኛ ዘመን ያመጣው፤ ሥሩ እንደ ግንብ ይይዛል። ደሾው ደግሞ ለከብት ይታጨዳል። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ግን እርከኑ አይቆይም። ከብት በአንድ በጋ ያፈርሰዋል።

የቀርሳው ገበሬ (ጥር 14)

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ገለቶማ። የበረቱን ነገር አባቴም ያወሩ ነበር፤ እኔ ግን ምክንያቱን አልጠየቅኳቸውም። ከአዝመራ በኋላ ከብቶቼን ማሳው ላይ ለማሳደር ልሞክር ነው። ወንድሜ አብሮኝ ይጠብቃል።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር የጎረቤት ከብት ነው። እኔ አገዳ ብተው እነሱ ያስበሉታል። አጥር ብሠራ ሰው ይቀየመኛል።

የዴዶው አዛውንት (ጥር 15)

አጥር ከመሥራትህ በፊት ቡና አፍላ። ጎረቤቶችህን ጥራ፣ ሽማግሌም ይኑር። «ይህችን አንድ ሩብ ብቻ ልሞክርባት፤ ሌላውን እንደ ድሮው ግጡ» በላቸው። ሳትነግራቸው ብታጥር ነው ቂም የሚሆነው።

የአፈታዋ (የካቲት 3)

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ጢሮ አፈታ ነኝ። በቆሎ በበቆሎ ላይ ስንዘራ ስምንት ዓመት ቆየን። ከዚያ አንዱን ዓመት አኩሪ አተር ማፈራረቅ ጀመርን። ዘሩን ከመዝራታችን በፊት ናይትሮጅን ከአየር የሚይዝ ባክቴሪያ ባለበት ዱቄት እናሸዋለን፤ ጥላ ውስጥ ሆነን፣ ፀሐይ ሳይነካው። ሥሩ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች ይወጣሉ፤ ስንሰነጥቃቸው ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠሩ ነው። በቀጣዩ ዓመት በቆሎው በአነስተኛ ዩሪያ ይበቃዋል። ገበያው ግን አንዳንዴ ያስከፋል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ገዢ ሳትፈልጉ ብዙ አትዝሩ።

የቀርሳው ገበሬ (ሚያዝያ 2)

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ምርመራው ወጣ። የማሳው ፒኤች 4.8፣ የጓሮው 6.1 ነው። የማሳው ብስባሽ በጣም ዝቅተኛ ነው ተብሏል። ሰማንያ እርምጃ!

ጎረቤቶቼን ቡና ጠርቻቸው ነበር። አንዱ ትንሽ ተቆጣ፤ በኋላ ግን ተስማማን። ማሳውን ከፋፈልኩት። አንዱ ሩብ ኖራ፣ ኮምፖስትና ማዳበሪያ ያገኛል። ሁለተኛው ሩብ ኮምፖስትና ማዳበሪያ። የቀረው ግማሽ እንደ ድሮው ማዳበሪያ ብቻ። የጠየቅኩት ኖራ ተጓትቶ ነው የደረሰኝ፤ ቢሆንም ከዘር በፊት አምስት ሳምንት አገኘሁ። ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ኮምፖስቱን አጋዘልኝ። የተቆጣው ጎረቤቴም መጥቶ ነበር።

አፈር አስተማሪ (ሚያዝያ 3)

ግማሹን እንደ ድሮው መተውህ ትልቅ ብልህነት ነው። ማነጻጸሪያ ያስፈልግሃል። አንድ ቀላል ሙከራም ልስጥህ። ከጓሮህና ከማሳህ አንድ አንድ ደረቅ ጓል ውሰድ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለህ አስገባቸው። አምስት ደቂቃ ጠብቅ።

የቀርሳው ገበሬ (ሚያዝያ 3)

አሁን አደረግኩት። ልጆቼ ከበውኝ ነበር። የማሳው ጓል እንደገባ ፈረሰ፤ ውሃው ደፈረሰ። የጓሮው እንዳለ ተቀምጧል። ትንሹ ልጄ «ይሄኛው ለምን አልሟሟም?» ብሎ ጠየቀኝ።

አፈር አስተማሪ (ሚያዝያ 3)

በለው፦ ብስባሹና የትሉ ሙጫ አያይዞት ነው። የፈረሰው ግን ዝናብ ሲመታው እንዲሁ ይሆናል። ላዩ ይደፈናል፣ ውሃው አይሰርግም፣ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። ሾፌሩ ወንድማችን ሐምሌ ላይ የሚያየው ቀይ ውሃ ያ ነው።

የቀርሳው ገበሬ (ኅዳር 20)

ሰነበታችሁ? አዝመራው ገባ። ኖራ ያገኘው ሩብ 9 ኩንታል ሰጠኝ። ኮምፖስትና ማዳበሪያ ብቻ ያገኘው ሩብ 7። እንደ ድሮው የተውኩት ግማሽ 11፤ ማለትም በሩብ አምስት ተኩል። ኖራው ያለበት ላይ ሐምራዊ ቅጠል አላየሁም ማለት እችላለሁ። ሥሩንም ነቅዬ አየሁ፤ ረጅምና ጸጉራም ነው። ትል ግን ገና ነው፤ በቁፋሮ ሁለት ብቻ አገኘሁ። ጠንካራው ንጣፍም እንዳለ ነው።

የሰፈሩ ከብት ዘንድሮ ሩቡን አልነካውም። የኔዎቹ ሦስት ሳምንት እዚያ አደሩ። ሁለት ጎረቤቶቼ ለከርሞ እነሱም ሊሞክሩ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለሚመጣው ዓመት በቀረው ግማሽ ላይ በአኩሪ አተር ልጀምር ወይስ በኖራ?

የአፈታዋ (ኅዳር 20)

እንኳን ደስ አለህ! እኔ ብሆን በኖራው እጀምር ነበር። 4.8 ላይ አኩሪ አተሩም ይሰቃያል፤ ባክቴሪያውም አሲድ አይወድም። እኛ መጀመሪያ ዓመት ላይ በዚህ ተቀጥተናል።

አፈር አስተማሪ (ኅዳር 21)

እስማማለሁ። ኖራ፣ ከዚያ አኩሪ አተር። ንጣፉን ደግሞ እርግብ አተር በድንበሩ ዘርተህ ሞክረው፤ ሥሩ ጠልቆ ይሰነጥቀዋል። ኖራውን ከማዘዝህ በፊት ግን እንደገና አስመርምር፤ ከየሩቡ ለየብቻ ናሙና ውሰድ፣ አትደባልቃቸው።

የቀርሳው ገበሬ (ኅዳር 21)

እሺ። ነገ ጠዋት ከነልጆቼ ባልዲ ይዘን እንወርዳለን።